ዘፈን በተራው

የድሮ ካሴት ሣጥን ሲከፈት የሚወጣ ሽታ አለ፤ አቧራ የጠገበ ፕላስቲክ፣ ትንሽ ዝገት፣ ትንሽም አልኮል። አዲስ አበባ ውስጥ በምሠራበት የሙዚቃ ክፍል አሮጌ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ፣ ቴክኒሺያኑ የማጫወቻውን ሄድ በጥጥና በስፒሪት በጠረገ ቁጥር ልቤ ከክፍሉ ይወጣል። እጄ ኪቦርዱ ላይ ነው፣ አፍንጫዬ ኩየራ ደርሷል።

ኩየራ ከሻሸመኔ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በመኪና የሚያልፍ ሰው የሚያስታውሳት በመንገድ ዳር በተደረደረ የድንች ጆንያ ነው። ትንሽ የሚያውቃት ደግሞ የአድቬንቲስት ሚሲዮኑን ትምህርት ቤት ይጠራል፤ ከአራቱም ማዕዘን ተማሪ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣበት ግቢ ነበርና። እኔ ግን ኩየራ ሲባል ቀድሞ የሚመጣብኝ ካሴት ቤቱ ነው።

ባለቤቱን ማንም በስማቸው አይጠራቸውም፤ “ጋሼ ካሴት” ነበሩ። ቤታቸው ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ከወለል እስከ ቆርቆሮው ካሴት ብቻ። በሩ ላይ በሽቦ የታሰረ ትልቅ ስፒከር አለ። ሄድ የሚጠርጉት በስፒሪት አልነበረም፤ ስፒሪት ያለው ክሊኒክ ነው፤ እሳቸው የሚጠቀሙት የነገሌ አረቄ ነበር። በልጅነታቸው ሚሲዮን የተማሩ ስለሆኑ አረቄ በአፋቸው አይዞርም፤ ጠርሙሷ ግን ከመደርደሪያው ጠፍታ አታውቅም። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጠርሙሷን አይተው ቢቆጧቸው፣ “እኔ አልቀምሳትም፤ የምትጠጣው ማሽኗ ናት” አሏቸው ተብሎ በከተማው ለረጅም ጊዜ ተስቋል።

ያኔ ዘፈን ይቀዳል። ባለ 60 ወይም ባለ 90 ደቂቃ ባዶ ካሴት ትገዛለህ፤ የምትፈልጋቸውን ዘፈኖች ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ ጽፈህ ትሰጣለህ። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው ያስጠጋሉ፤ ከዚያ እስክሪብቶ ያነሡና ቅደም ተከተሉን እንዳሻቸው ያደርጉታል።

“አንተ ልጅ፣ ሁለት ጥላሁን ታከታትላለህ እንዴ? ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይበላዋል።”

“ከትዝታ በኋላ ትዝታ አይገባም። ሰው እያስለቀስክ ልትኖር ነው?”

“እዚህኛው ፊት ላይ ሦስት ደቂቃ ይተርፍሃል። ክላሲካል እጨምርልሃለሁ፤ ዘፋኝ ከመሀል አይቆረጥም።”

ክላሲካል የሚሉት እንደ ማንኛውም የአገሬ ሰው ግጥም የሌለውን፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረውን ዜማ ነው። ገንዘቡን የከፈልነው እኛ፣ የወሰኑት እሳቸው ነበሩ። ካሴቱን ቤት ወስደን ስናዳምጠው ግን ልክ ነበሩ። ዘፈኖቹ ይጠራራሉ፤ ፈጣኑ ሲያልፍ ዝግ ያለው ይመጣል፣ ሴቷ ስትጨርስ ወንዱ ይቀበላል። የዘፈን ቅደም ተከተል ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ ወረቀት ላይ ነው።

በር ላይ ያለው ስፒከር ደግሞ ሌላ ሥርዓት ነበረው። ገበያ በሚውልበት ቀን ጠዋት ከገጠር ለሚገባው ሰው አሊ ቢራ ይከፈታል። በሁዳዴ ስፒከሩ አይዘጋም፤ ቀኑን ሙሉ ክላሲካል ብቻ ይሆናል። በረመዳን ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት መንዙማ ይሰማል። ጥር ሲገባ፣ ጎረቤት ሠርግ ኖረም አልኖረም፣ የሠርግ ዘፈን ነው። ከሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር የመጣ ራስታ በር ላይ ከቆመ ቦብ ማርሌ ይገባል። ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ የሚሲዮኑ ሰንበት ገብቷልና ጋሼ በራቸውን ዘግተው ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ የያዙት በጭንቅላታቸው ነበር። አንድም ቦታ ተጽፎ አላየሁም።

“ይህን ማን አስተማረዎት?” ስንላቸው፣ “ራዲዮ” ይሉን ነበር። የልጅነታቸው ራዲዮ ብሥራተ ወንጌል ነው፤ በ1955 አዲስ አበባ ተከፍቶ በ1969 ደርግ እስኪወርሰው ድረስ ሠርቷል። ሉተራኖቹ ያቋቋሙት ጣቢያ ቢሆንም የስርጭቱ አብዛኛው ክፍል ስብከት አልነበረም፤ ዜና፣ ትምህርትና ሙዚቃም ነበረው። ጋሼ ከዜና በኋላ ምን ዓይነት ዜማ እንደሚገባ፣ ከስብከት በፊት ምን እንደሚቀድም ጆሯቸውን ጥለው ያጠኑ ነበር። እኛ ራዲዮ የምናዳምጠው ዘፈኑን ነው፤ እሳቸው የሚያዳምጡት በሁለት ዘፈን መካከል ያለውን ነበር።

በእኛ ቤት ያለው ራዲዮ እናቴ በሠራችው ዳንቴል ተሸፍኖ ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጥ ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጥቂት ቀን ይጨምራል። የዘፈን ምርጫ ሲደርስ ቤቱ ይሞላል። ደብዳቤ የላከ ሰው ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል፤ ያልላከም ይጠብቃል። የወደድነው ዘፈን መቼ እንደሚመለስ ማንም አያውቅም። አዲስ አበባ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ሸክላ ያነሣል፤ ኩየራ ላይ እኛ ጎረቤት እንጠራለን። ያ ሰው በምን እንደሚመርጥ ማወቅ ያምረኝ ነበር።

አሁን እኔ ያ ሰው ነኝ፤ ወይም የዚያ ሰው ረዳት፤ መራጩ ሶፍትዌር ሆኗልና። እ.ኤ.አ. በ1979 አንድሩ ኢኮኖሞስ አሜሪካ ውስጥ ባቋቋመው አር ሲ ኤስ በተባለ ድርጅት “ሴሌክተር” የሚባል የሙዚቃ መደርደሪያ ፕሮግራም ተሠራ። እንደ ሚውዚክ ማስተር ያሉ ተፎካካሪዎች ተከተሉት፤ ዛሬ ትንሽ ጣቢያ የሚጀምር ሰው ራዲዮዲጄ የተባለውን በነፃ አውርዶ መጠቀም ይችላል። አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው። ዘፈኖችን በምድብ ትከፍላለህ፤ አዲስ የወጣ፣ በቅርቡ የተወደደ፣ የቆየ እያልክ። ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ቅርጽ ትሠራለህ፤ ከዜና በኋላ ከዚህ ምድብ፣ ከማስታወቂያ በኋላ ከዚያኛው እያልክ። ከዚያ ሕግ ትሰጠዋለህ። ማሽኑ ከምድቡ ውስጥ ረጅም ጊዜ ያረፈውን ዘፈን ያነሣል፣ በሕጎቹ ይፈትነዋል፣ ካላለፈ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። የአንድ ቀን ዝርዝር ሻይ ሳይበርድ ያልቃል።

ፕሮግራሙን መጀመሪያ ስከፍተው የገረመኝ ጥያቄዎቹ ናቸው። ዘፋኙ ማን ነው? ወንድ ነው ሴት? ፈጣን ነው ዝግ ያለ? የየትኛው ዘመን ነው? ለጠዋት ነው ለማታ? ከመዘፈኑ በፊት ስንት ሰከንድ መሣሪያ ብቻ ይሰማል? አንድ በአንድ የጋሼ ጥያቄዎች ነበሩ። ልዩነቱ ጋሼ መልሱን ይዘው ነበር የሚጠይቁት፤ ማሽኑ ግን እኛ ከሞላንለት በቀር ምንም አያውቅም።

የምንሞላለት ነገር ደግሞ በእኛ አገር የራሱ ወጥመድ አለው። መጀመሪያ ስም። አንዱ ኦፕሬተር “ገሠሠ” ብሎ ይጽፋል፣ የማታው ተረኛ “ገሰሰ” ይላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ስንት ዓይነት ጥላሁን እንዳለ አይቆጠርም። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለማሽኑ ሁለት ዘፋኝ። አንድ ዘፋኝ በሰዓት ውስጥ እንዳይደገም የሚከለክለው ሕግ ቦታው ላይ እያለ ሁለት ጥላሁን ይከታተላሉ፤ ጋሼ ወረቀት ላይ የሰረዙት ነገር በኮምፒውተር ይመለሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንድ የስም መዝገብ ማዘጋጀት፣ ሁሉም ከመዝገቡ ይምረጥ እንጂ በራሱ እንዳይጽፍ ማድረግ። ሁለት ሆነው የዘፈኑትንም በሁለቱም ስም ማስገባት ነው።

ቀጥሎ ርዕስ። ማሕሙድ አሕመድ “ትዝታ” አለው፤ በዛወርቅ አስፋው አላት፤ አስቴር አወቀ አላት፤ ሙላቱ አስታጥቄ በመሣሪያ ተጫውቶታል። ርዕሱ አንድ ስለሆነ ማሽኑ አንድ ዘፈን ይመስለዋል፤ ማሕሙድ ጠዋት ከተሰማ በዛወርቅን እስከ ማታ ይከለክላታል። ርዕሱ ላይ የዘፋኙን ስም ብትጨምርበት ይፈታል፤ ግን ያን ጊዜ ሁለት ትዝታ ተከታትሎ ሊመጣብህ ነው። ስለዚህ ቅኝቱን ለብቻው መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። የውጭ ሶፍትዌር ስለ ቅኝት አይጠይቅም፤ ባዶ የተተወ ሣጥን ግን አለው። ሣጥኑን የሚሞላው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ባንድም እንደዚሁ ነው። በካሴቱ ዘመን ሮሃ ባንድ ያላጀበው ታዋቂ ዘፋኝ ማግኘት ያስቸግራል፤ ዘፋኞቹ ቢለያዩም ድምፁ ስለሚመሳሰል የአጃቢውን ስም መዝግቦ ማራራቅ ጆሮ ያሳርፋል። ከዚያ በኋላ ለመጣው ዘመን ደግሞ የአቀናባሪውን ስም፣ የእነ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታን፣ መጻፍ ይጠቅማል።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ወደ አንድ ጣቢያ ደውለው፣ “ያንን ዘፈን ስታሰሙ ልጄን ለትምህርት ቤት እቀሰቅሳለሁ፤ እግዜር ይስጣችሁ” አሉ። ስልኩን የተቀበለው ልጅ ደስ ብሎት ነገረን። ነገሩ ሲታይ ጉዳዩ የሂሳብ ነበር። ምድቡ ውስጥ 24 ዘፈኖች አሉ፤ በየሰዓቱ አንድ ይሰማል፤ ጣቢያው 24 ሰዓት ይሠራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘፈን በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይመለሳል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሚሰማው ሁልጊዜ ያው ነው። አንድ ዘፈን ጨምሮ 25 ማድረግ ወይም አንድ ቀንሶ 23 ማድረግ ይበቃል፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት እየተንሸራተተ ይዞራል። በቀን 18 ሰዓት ብቻ የሚያሰራጭ ጣቢያ ከሆነ መጠንቀቅ ያለበት ከ18፣ ከ9 እና ከ6 ነው። ሕግ ሲበዛም ችግር ነው። ሁሉንም ሕግ “አይጣስ” ያለ ሰው ማለዳ ሲመጣ ባዶ ቀዳዳ የበዛበት ዝርዝር ይጠብቀዋል። የማይጣሱትን ጥቂት አድርጎ ሌላውን “ቢቻል” በሚለው ሥር ማኖር ይሻላል።

ሰዓትና ቀን ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ማሽኑ ቀኑን የሚጀምረው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ የእኛ አድማጭ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። የእንቁጣጣሽ ዘፈኖችን በሴፕቴምበር 11 የቆለፈ ሰው ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት በአንድ ቀን ይቀድማል፤ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው የዋለው። ሁዳዴ ፋሲካን ተከትሎ ይለዋወጣል፤ ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል። እነዚህን በዓመት አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ፣ የአገሩን ቀን መቁጠሪያ አጠገብ አድርጎ በእጅ ማስገባት ግድ ነው። ጋሼ ሁዳዴ መግባቱን የሚያውቁት ቅቤ ነጋዴዎቹ ከገበያ ሲሳሱ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ጣቢያዎቻችን የአየር ሰዓት ለተባባሪ አዘጋጆች መሸጣቸው ነው። አዘጋጁ በፍላሽ የራሱን ዘፈን ይዞ ይመጣል፣ አሰምቶ ይሄዳል። ማሽኑ ይህን አልሰማም። እሱ ሲወጣ ጣቢያው ያንኑ ዘፈን ይደግመዋል፤ አድማጩም “ሌላ ዘፈን የላቸውም እንዴ?” ይላል። ምን እንደተሰማ በየቀኑ መዝግቦ ወደ ፕሮግራሙ ታሪክ መመለስ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ያለእሱ የተቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ማሽኑ ፈጽሞ ሊያውቅ የማይችለው ቀንም አለ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001፣ የፋሲካ ዕለት፣ ጥላሁን ገሠሠ አረፈ። ቀድሞ የተዘጋጀው የበዓል ዝርዝር ሆይ ሆይታ የሞላበት ነበር። ዜናው እንደተሰማ አንድ ዘፋኝ ተከታትሎ አይሰማም የሚለው የዕድሜ ልክ ሕግ ቀረ፤ አገሩ የፈለገው ጥላሁንን፣ ከጥላሁን በኋላም ጥላሁንን ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 2015 አሊ ቢራ አዳማ ሆስፒታል ውስጥ ሲያርፍም እንዲሁ ሆነ። የገበያ ጠዋት ድምፃችን ነበር፤ በዚያ ቀን በሰዓቱ ቅርጽ የሚጨነቅ አልነበረም። በእንደዚህ ያለ ቀን ፕሮግራሙን አቁሞ ዘፈን በእጅ የሚደረድር ሰው ያስፈልጋል። በእጅ መደርደር ያልለመደ ጣቢያ ደግሞ ይደናበራል።

ኩየራን በቅርቡ አይቻታለሁ። ጋሪ በቆመበት ባጃጅ ቆሟል። ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል፤ ቤታቸው በፊት ዘፈን ወደ ሚሞሪ ካርድ የሚጫንበት ሆነች፣ አሁን ደግሞ የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር ይሸጥባታል። ካሴቶቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ አጣሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የስንዴ ማሳ ላይ የካሴት ክር ከእንጨት እንጨት ተወጥሮ አየሁ፤ ነፋስ ሲነካው ይንዘፈዘፋል፣ ወፍ ያባርራል። የማን ድምፅ እንደተቀዳበት ማን ያውቃል። የቻርጀር ቤቱ ልጅ ከስልኩ ዘፈን ከፍቷል፤ የሚቀጥለውን የሚመርጥለት ስልኩ ነው። ከሻሸመኔ የፋና ኤፍ ኤም 103.4ም ይሰማል፤ ደብዳቤ ጽፎ ሳምንታት መጠበቅ ቀርቷል።

የድሮውን ሁሉ ማመስገን ግን ልማድ ይሆንብናል። ጋሼ የማይወዱት ዘፋኝ ኩየራ ላይ አይሰማም ነበር። አንድ ወጣት ድምፃዊ “ይጮኻል” ተብሎ ለዓመታት ከላይኛው መደርደሪያ አልወረደም። ከደቡብ የመጡ የሚሲዮን ተማሪዎች በቋንቋቸው ዘፈን ሲጠይቁ “የለኝም” ይባሉ ነበር፤ አንዳንዴ ግን ነበራቸው። ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለ ቂም የለውም። በትክክል ከተመዘገበለት፣ ማንም ሳይዘክረው ሦስት ወር ያረፈውን ዘፈን ተራው ሲደርስ ያነሣዋል፤ የከምባታውንም፣ የሀድያውንም፣ የወላይታውንም። እኔ ራሴ በዚህ መንገድ የተነሡ፣ መኖራቸውን የረሳኋቸው ዘፈኖች ሥራ ላይ ቆሜ እንዳዳምጥ አድርገውኛል። ጋሼ ጊዜውን ያውቁ ነበር፤ ተራ ግን አይጠብቁም። ማሽኑ ተራ ይጠብቃል፤ ጊዜውን አያውቅም።

ስለዚህ በየጣቢያው ላላችሁ ወጣት ኦፕሬተሮች የምለው ይህን ነው፤ ተራውን ለማሽኑ ተዉለት፣ ጊዜውን እናንተ ወስኑ። ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ከላይ እስከ ታች አንብቡት፤ እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡት። ሶፍትዌር የምትገዙ ኃላፊዎችም ለፈቃዱ ከምታወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ዘፈን ለሚመዘግብ ሰው ክፈሉ። ሕጎቹን ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ በከተማችሁ ካሴት ቤት ከነበራቸው ሰዎች ጋር አንድ ከሰዓት ቁጭ በሉ፤ ሻሸመኔም ይሁን አዳማ፣ ዝዋይም ይሁን አዋሳ፣ ገና በሕይወት ያሉ አሉ።